የመርከቧ ቀንና የሾፌሩ ቀን

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያንና እንግዶቻቸው የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



 ማራገቢያው ከእኔ ድምፅ በላይ ከጮኸ ከኋላ ያላችሁ እጅ አውጡልኝ። እጅ ስል ትዝ አለኝ፤ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ከጉድጓድ እንደወጣ ያለ ድፍድፍ ነዳጅ በዓይኑ ያየ ሰው በመካከላችን አለ?

አንድም እጅ አላየሁም። እኔም አላየሁም። ግማሽ ዕድሜዬ በነዳጅ ወረቀት ላይ አልቋል፤ ዓይኔን ብታስሩኝ ናፍጣን ከቤንዚን በጠረኑ እለያለሁ። ድፍድፉን ግን ከፎቶግራፍ ውጪ አላውቀውም። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ በዚያው አካባቢ ያለው የሂላላም ስም በየጊዜው በዜና ይነሳል። ይሁንና አዲስ አበባ ላይ ታክሲ የሚቀዳው ቤንዚን ባሕር አቋርጦ የመጣ ነው።

አገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ የተጣራ ነዳጅ ትገዛለች፤ የሚበዛው ናፍጣ ነው። ድሮ አሰብ ላይ ማጣሪያ ነበር። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ፣ በ1997 ተዘጋ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ ደግሞ ወደቡ ራሱ ተዘጋብን። ከዚያ ወዲህ የነዳጃችን ዋና በር ይህች ከተማ ሆነች። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ከመሀል ከተማው በስተምዕራብ፣ ዶራሌ ላይ፣ ሆራይዘን የሚባለው ማከማቻ ተሠራ። ታንከሮቹ ተደምረው ወደ 370 ሺህ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ነዳጅ ይይዛሉ። ቁጥሩ እንዲታያችሁ በቦቴ ልመንዝረው። አንድ ቦቴ ከነተሳቢው 45 ሺህ ሊትር ይጭናል እንበል። የሞሉትን ታንከሮች ባዶ ለማድረግ ከ8 ሺህ በላይ ቦቴ ያስፈልጋል። የዓመቱን ግዥ በዚሁ ስናካፍለው ደግሞ ፋሲካ ይሁን አረፋ፣ በየቀኑ ከ200 በላይ ቦቴ መጫን አለበት።

ስለዚህ የነዳጅ ሜዳችሁ የት ነው ብባል ዶራሌ ነው እላለሁ። የሜዳው ሠራተኛም የቦቴ ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው። ዛሬ የማወራው ስለ እነሱ የዕለት ኑሮ ነው።

በሌላው ዓለም የነዳጅ ሜዳ ሠራተኛ ኑሮ የታወቀ ሥርዓት አለው። ሰሜን ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው በሄሊኮፕተር ይወሰዳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት፣ በቀን 12 ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ያርፋል። አልጋ አለው፣ ትኩስ ምግብ አለው፣ የሕክምና ባለሙያ አለው። ይህ ሁሉ በችሮታ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓይፐር አልፋ የተባለው የባሕር ላይ ማውጫ ተቃጥሎ 167 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው የእንግሊዝ የደኅንነት ሕግ ከሥሩ የተለወጠው። እኔን የሚያስቀናኝ ግን አልጋውም ምግቡም አይደለም። ያ ሰው የሚመለስበትን ቀን ያውቃል። የልጁን ልደት ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቦ ይሄዳል። የእኛ ሾፌር ከአዳማ ሲነሳ ሚስቱ "መቼ ትመጣለህ?" ብትለው መልሱ "ወረፋው እንዳደረገኝ" ነው።

ብዙ ሰው የሾፌር ሥራ መንዳት ይመስለዋል። ከዚህ በጋላፊ በኩል አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲኪል፣ ጋላፊ፣ ሰርዶ፣ ሎግያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ፣ መተሐራ እያለ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። መንገዱ ሰላም ከሆነና ጎማ ካልፈነዳ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ያልቃል። መንዳት ማለት ይህ ብቻ ነው። የቀረው ወረፋ ነው።

ፒኬ 12ን የማታውቁ የላችሁም። ፈረንሳዮች ከከተማው ተነስተው መንገዱን በኪሎ ሜትር ሲቆጥሩ የሰጡት ስም ነበር፤ አሁን የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። እስቲ በሐምሌ ወር ወደዚያ ብቅ በሉና መኪኖቹ ተደርድረው ከሚቆሙበት አንድ ቀን ዋሉ።

ቀኑ የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ጋቢና ውስጥ መተኛት አይታሰብም፤ ብረቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል። ረዳቱ ከተሳቢው ሆድ ሥር ጨርቅ አስሮ እንደ አንቀልባ ተንጠልጥሎ ያድራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ትንሽ ነፋስ ስለሚነፍስ መታጠቡም፣ ልብስ ማጠቡም፣ ጎማ መፈተሹም ያኔ ነው። ጠዋት ጥላው ከመኪናው በስተምዕራብ ይወድቃል፤ ምንጣፉ እዚያ ይነጠፋል። እኩለ ቀን ላይ ጥላው መኪናው ሥር ይገባል፤ ሰውም ተከትሎት ይገባል። ከሰዓት በኋላ ጥላው በስተምሥራቅ ብቅ ሲል ምንጣፉም ይዞራል። አንድ አንጋፋ ሾፌር፣ ወረቀት ይዤ ስመጣ ሰዓት ስጠይቀው፣ ምንጣፉን በጣቱ አሳይቶኝ "ገና ሆዷ ሥር ነን፤ ስድስት ሰዓት አላለፈም" ብሎኛል።

የውሃውን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፤ ትምህርት አለበት። ሁለት ሊትር የምትይዝ ሃይላንድ በጆንያ ቁራጭ ትጠቀለላለች፣ ጆንያው ይነከራል፣ ስፖኪዮው ላይ ትሰቀላለች። ውሃው ከጆንያው ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ በውስጧ ያለው ይቀዘቅዛል። የእናቶቻችን እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዝበት ዘዴም ይኸው ነው። የባሕሩ ወበቅ በተጫነ ቀን ግን አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ ነውና ጆንያው አይደርቅም፤ ሃይላንዷም ለብ እንዳለች ትውላለች። ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ሰው ፊቱን ሸፍኖ እያማረረ ውሃው ይቀዘቅዛል። ለገላም ሕጉ ያው ነው። ላብ ካልተነነ አያቀዘቅዝም። በወበቅ ቀን 36 ዲግሪ፣ በደረቅ ቀን ከ40 ይልቅ ሰው ሊጥል የሚችለው ለዚህ ነው። አዲስ የመጣ ረዳት ቁጥሩን ሰምቶ "ዛሬ እንኳ ቀለል ብሏል" ሲል አንጋፋዎቹ ውሃና ጨው የሚያቀርቡለት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ምግቡ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ ነው። ቦቴ አጠገብ እሳት አይነድም፤ የከሰል ምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ረዳቱም ድስት ተሸክሞ ይመላለሳል። ገንዘብ ሲገኝ ወደ ከተማ ወርዶ የየመኖችን ዓሣ መብላት አለ፤ ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ጉድጓድ በሚመስል ምድጃ ግድግዳ ላይ ከቂጣው ጋር ተጠብሶ የሚወጣው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ታዲያ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ይነሳል። ይህን ክርክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም፤ ዓሣው ሳያልቅ ያለቀበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ተራ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ስልክ ይጠፋል፣ ክብሪትና ሲጋራ በር ላይ ይቀራል። ብዙ ረዳት በፈረንሳይኛ የሚያውቀው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ግድግዳ ላይ የተጻፈው "ዴፋንስ ደ ፊሜ" ነው፤ ማጨስ ክልክል ነው ማለት ነው። ከምንም በፊት አንድ ሽቦ የቦቴውን ገላ ከመሬት ጋር ያገናኛል። ነዳጅ በቧንቧ ሲሮጥ፣ የሱፍ ሹራብ ስታወልቁ እንደምትሰሙት መንጣጣት ያለ፣ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥራል። ይህ ሙል ወደ መሬት ካልወረደ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ሽቦው ታሰረ፣ ቧንቧው ተገጠመ፣ ክፍሎቹ በየተራ ሞሉ፣ ክዳኖቹ ታሸጉ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ለዚህች አንድ ሰዓት ነው እንግዲህ ቀኑና ሌሊቱ ሲቆጠር የሰነበተው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወደ ጅቡቲ "ለሦስት ወር ነው" ተብዬ ከመመደቤ በፊት (ሦስቱ ወር አራት ዓመት ሆነ) አዲስ አበባ ዙሪያ በአንድ ማራገፊያ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ የመለኪያ ዘንጉን ቦቴው ሆድ ውስጥ ሰድዶ እርጥቡ የደረሰበትን ቁጥር አንብቦ መጻፍ ነበር። አንድ የክረምት ጠዋት ከዚህ የመጣ ናፍጣ ስለካ ከ500 ሊትር በላይ ጎደለ። ማሸጊያው አልተነካም። ሾፌሩ አባቴን የሚያህል ሰው ነበር። "ልጄ፣ እኔ አልጠጣሁት" አለኝ። እኔ ደግሞ ቁጥር አይዋሽም ብዬ "ጉድለት" የሚለው ላይ ፈረምኩ። ሒሳቡ ከደመወዙ ተቆረጠ።

በዓመቱ ዶራሌ ማስጫኛው አጠገብ ቆሜ የሙቀት መለኪያውን አየሁ፤ 40 ይላል። ያኔ ነው የገባኝ። ናፍጣ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ከ10 ሺህ ሊትር ላይ 8 ሊትር ገደማ ይነፋል፤ ሲቀዘቅዝም ያንኑ ያህል ይሰበሰባል። በ40 ዲግሪ የተጫነ 45 ሺህ ሊትር ደጋ ወጥቶ 25 ዲግሪ ላይ ቢለካ፣ አንድ ሰው ክዳኑን ሳይነካው ወደ 540 ሊትር ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ክብደቱ አንድ ኪሎ አልቀነሰም፤ ነዳጁ ያው ነዳጅ ነው። ቤንዚን ከዚህም ይብሳል። በዓለም የነዳጅ ንግድ ሊትሩ ከሙቀቱ ጋር ተመዝግቦ ወደ አንድ የተስማሙበት ሙቀት፣ ብዙ ጊዜ ወደ 15 ዲግሪ፣ ተመልሶ የሚሰላው ለዚህ ነው። በእኔ መዝገብ ላይ የሙቀት ዓምድ አልነበረም። ያንን ሰው ብዙ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም።

ወደ ሾፌሩ ኪስ እንምጣ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ እንደተቸነከረ ነው። የእኛ ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ወረደ። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ ሒሳብ አንድ ብር 3 ፍራንክ ገደማ ያወጣ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አንድ ፍራንክ ተኩል ወረደ። አበሉ በብር ተቆጥሮ ሻዩን፣ ውሃውን፣ መታጠቢያውን በፍራንክ የሚከፍል ሰው ምን እንደደረሰበት አስሉት። መንገድ ዳር ቦርሳቸውን ታቅፈው ገንዘብ የሚመነዝሩት ሴቶች ይህን ከየትኛውም የምጣኔ ሀብት መምህር በፊት ለሾፌሮቹ አስረድተዋል። አንዷ የብር ኖቱን በሁለት ጣቷ አንስታ ስታየው አይቻለሁ፤ የተቀደደ ዕቃ እንደሚያዩት።

በየቀኑ ከሰዓት 7 ሰዓት ገደማ ደግሞ ከተማዋ የሚደርስባትን ታውቃላችሁ። ጫት ገባ። ጥሩምባው፣ ሩጫው፣ ግርግሩ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ገብቶ ጸጥታ ይሆናል፣ የቢሮውም ሥራ ይቀዛቀዛል። ጫቱ የመጣው ከእኛው አገር፣ ከአወዳይ አካባቢ ነው። ፒኬ 12 ላይ የሚቀልዱትን ልንገራችሁ፦ ወረፋ የማይጠብቅ የኢትዮጵያ ጭነት እሱ ብቻ ነው። ቅጠሉ ከደረቀ ስለማይሸጥ ሁሉም ይሮጥለታል። ነዳጅ አይጠወልግም። ሾፌሩ ይጠወልግ እንደሆነ የሚጠይቅ አልሰማሁም።

ባቡሩስ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የድሮው ባቡር፣ 784 ኪሎ ሜትሩ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ይህችን ከተማ ከተማ ያደረጋት እሱ ነበር። የመሀል አደባባዩ ስም በወረቀት የነፃነት ቀን መታሰቢያ፣ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ነው፤ በሰው አፍ ግን አሁንም ምኒልክ አደባባይ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኮንቴይነርና ማዳበሪያ ያመላልሳል። የነዳጃችን አብላጫ ግን እስከ ዛሬ በጎማ ነው የሚሄደው።

በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት ላይ የወጡትን የኮሮና መግለጫዎች አስታውሱ። "የጅቡቲ የጉዞ ታሪክ ያለው" የሚለው ሐረግ ስንት ጊዜ ተነበበ? ድንበሩ ለሰው ሲዘጋ ለነዳጅ አልተዘጋም፤ ሁላችንም ቤታችን ስንቀመጥ የሚመላለሱት ሾፌሮቹ ነበሩ። ያኔ ከሻይ ቤት በራፍ የተመለሱ ሾፌሮች ታሪኩን እስካሁን እየሳቁ ያወሩታል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ነዳጅ ጭና የመጣች መርከብ ለማራገፍ የሚፈቀድላት ጊዜ በውል ላይ ተጽፏል፤ በሰዓት ተቆጥሮ። መድረሷን ያሳወቀችበት ደቂቃ ሳይቀር ይመዘገባል። የተፈቀደው ጊዜ ካለፈ ዴሙሬጅ የሚባል የመዘግየት ክፍያ ይቆጠራል። የአንድ ቀኑ ዋጋ እንደ መርከቧ ትልቅነትና እንደ ገበያው በሺዎች፣ አንዳንዴም በአሥር ሺዎች ዶላር ነው፤ ከውጭ ምንዛሪያችን ላይ ይከፈላል። በዚህ አልከራከርም፤ የመርከብ ቀን ዋጋ አለው። ኮንቴይነር እንኳ፣ ባዶ የብረት ሣጥን፣ ከተወሰነለት ቀን ዘግይቶ ከተመለሰ ለባለቤቱ ይከፈልለታል። ሣጥኑ አይርበውም፣ አይጠማውም፣ ቤት የሚጠብቀው ልጅ የለውም።

ያንኑ ነዳጅ ለመጫን አራትና አምስት ቀን ምንጣፉን በጥላ ሲያዞር የከረመው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በምልልስ ነው። ምልልስ በበዛ ቁጥር ያገኛል፤ ወረፋው በረዘመ ቁጥር ያጣል። ለዘገየው ነገር ሁሉ የመጨረሻውን ሒሳብ የሚከፍለው፣ መርከብ ትዘግይ፣ ሰነድ ይጓደል፣ ክፍያ ይጓተት፣ ምንም ያልወሰነበት ሰው ነው። ያጣውን ለማካካስ ደግሞ መንገድ ላይ እንቅልፉን ይቆርጣል። በሌሊት 45 ሺህ ሊትር ይዞ የአዋሽን መንገድ የሚያቋርጠው ሾፌር ለምን እንደደከመ ስትጠይቁ፣ መልሱን መንገዱ ላይ አትፈልጉት። ፒኬ 12 ላይ ፈልጉት።

ይህን ስናገር "መንግሥት ያስብበት" ብዬ ልጨርስ እንደሆነ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። ጥላ፣ ውሃና መጸዳጃ ወረፋ ባለበት ሁሉ ሊሠራ ይገባል፤ ይህ ለሁለቱም አገሮች የሚቀርብ ጥያቄ ነው፣ ዘርዝሬ አልገባበትም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ከዚያ ላነሰ ነገር ነው።

በእጄ ባለፉት የጭነት ወረቀቶች ላይ የተጫነበት ሰዓት አለ፣ ከበር የወጣበት ሰዓት አለ፣ የሊትሩ ልክ አለ፣ የታርጋው ቁጥር አለ። ወረፋ የያዘበት ሰዓት ግን አንዱም ላይ አልነበረም። የረዳቱም ስም አልነበረም፤ ሽቦውን የሚያስረው እሱ ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ስንት ቀን እንደጠበቀ ክስ ቢነሳ፣ ካሣ ቢጠየቅ፣ ወይም አንድ ሰው ተነስቶ ወረፋው በዓመት ስንት የሥራ ቀን እንደሚበላ ላስላ ቢል፣ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

በዚህ አዳራሽ የትራንዚት ባለሙያዎች፣ የቦቴ ባለንብረቶችና የማኅበር ሰዎች እንዳላችሁ ፊታችሁን እያየሁ ነው። የምለምናችሁ ሁለት መስመር ነው። አንዱ "ወረፋ የያዘበት ቀንና ሰዓት"፣ ሌላው "የረዳቱ ስም"። የማራገፊያ ሰዎች ካላችሁም "ሙቀት" የምትል ሦስተኛ ዓምድ ጨምሩልኝ፤ እሷ የእኔ ዕዳ ናት። ማተሚያ ቤቱ ለዚህ ተጨማሪ አያስከፍላችሁም። የነገው ወረቀት ታትሞ ከሆነም ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት።